ፊደልና አንደበት

ለድኻ ልጅ ፊደል ማስቈጠር ከበጎ ሥራዎች ሁሉ የማያከራክር ይመስላል። የተራበን ማብላት፣ የታረዘን ማልበስ መልካም መሆኑን ማንም እንደማይክደው ሁሉ፣ ወላጁ ሊያስተምረው ያልቻለውን ሕፃን ማስተማርም መልካም መሆኑን የሚክድ አይገኝም። ነገር ግን ሰው ሁሉ የተስማማበት ነገር ብዙ ጊዜ ማንም ያልመረመረው ነገር ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ላንሣ። ለድኻ ልጅ ፊደል የምንሰጠው ምን እንዲያደርግበት ነው? የእኛን ቃል እንዲያነብበት ነው ወይስ የራሱን ቃል እንዲናገርበት?

«ሁለቱንም እንዲያደርግበት ነው» ብሎ መልሶ ማለፍ ይቻላል። እኔም ብዙ ዘመን እንዲህ እያልሁ አልፌዋለሁ። በጥያቄው ላይ እንድቆም ያደረገኝ በገዛ ቤቴ የሆነ አንድ ነገር ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን እናገራለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ስልክ ገና ወደ ገጠሩ ሳይዘልቅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያኽል የሚሆናት ልጅ ከባላገር መጥታ በቤታችን ተቀመጠች። የመጣችው «እናስተምራታለን» ተብሎ ነው። ይህን ቃል በአገራችን ስንት ሰው እንደ ሰጠ፣ ስንቱስ እንደ ፈጸመው አንባቢ ያውቀዋል። እኛም ከጥቂት ወራት በኋላ የማታ ትምህርት አስገባናት፤ ቀን ግን ውሃ ስትቀዳ፣ ቤት ስትጠርግ፣ ልብስ ስታጥብ ትውል ነበር። ለእናቷ ደብዳቤ የምጽፍላት እኔ ነበርሁ። በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ ወደ አገሯ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቍጥር፣ ወረቀትና ብዕር ይዤ እቀመጥና «ለምወድሽ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብዬ እጀምራለሁ። እርሷ በአጠገቤ ቆማ ታያለች። «ሌላስ ምን ልበልልሽ?» ስላት «ሰላም ይበሉልኝ» ትላለች። ደብዳቤው በዚህ ያልቃል።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ደብዳቤውን ራሷ ጻፈች። ደብተሯን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ፊደሉን ይዩልኝ» አለችኝ። ደስ እያለኝ ተቀበልኋት። ደብዳቤው የሚጀምረው «እናቴ ሆይ፣ እኔ ደኅና አይደለሁም» ብሎ ነው። ቀጥሎም ሌሊት እንደሚበርዳት፣ እጇ በሳሙና እንደ ቈሰለ፣ ታናሽ ወንድሟ በሕልሟ እንደሚመጣ፣ በትምህርት ሰዓትም እንቅልፍ እንደሚያሸንፋት ይናገራል። ስድብ የለበትም፤ ክስም የለበትም። የጻፈችው የሆነውን ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ኀዘን ሳይሆን ቍጣ ነበር። «ያስተማርኋት ይህን እንድትጽፍ ነውን?» ስል በልቤ አሰብሁ። ብዕሬን አንሥቼ «አይደለሁም» የሚለውን ቃል ልሰርዝ ስል፣ ልጅቱ «ፊደሉ ተሳስቷል እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ። ፊደሉ አልተሳሳተም፤ አንድም ግድፈት አልነበረበትም። ብዕሩን አስቀመጥሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእርሷ ስም «ደኅና ነኝ» እያልሁ ስጽፍ፣ አንድ ቀን እንኳ «ደኅና ነሽ ወይ?» ብዬ አለመጠየቄ ያን ጊዜ ታወቀኝ።

ደብዳቤው እንደ ተጻፈ ሄደ። ከዚያ በኋላ ብርድ ልብስ ተጨመረላት፤ የልብስ አጠባውም ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የቀን ትምህርት ገባች። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ ያለ ደብዳቤው ከእነዚህ አንዱ እንኳ አይደረግም ነበርና።

ከዚህ ነገር የተረዳሁት፣ አንድ ሰው የድኻውን ልጅ ማንበብ እየወደደ መናገሩን ሊፈራ እንደሚችል ነው። ልጁ የእኛን ጽሑፍ ሲያነብ ድካማችን ፍሬ እንዳፈራ እናያለን፤ ስለዚህም ደስ ይለናል። ስለ ራሱ ኑሮ ሲናገር ግን የሚናገረው ስለ እኛም ጭምር ነው። ስንሰጠው የሰጠነውን ብቻ ሳይሆን የነፈግነውንም ይቈጥራል። ምጽዋት የሚሰጥ ሰው የሚጠብቀው «እግዜር ይስጥልኝ» የሚለውን ምስጋና ብቻ ነው። ትምህርት የሚሰጥ ሰው ግን መልስ ሊጠብቅ ይገባዋል፤ መልሱም ሁልጊዜ ምስጋና አይሆንም።

የዚህ ነገር ምሳሌ በጥንት ፈላስፎች ጽሑፍም ይገኛል። ፕላቶን «ሜኖን» በተባለው ድርሰቱ፣ ሶቅራጥስ ከሜኖን አሽከሮች አንዱን ባሪያ ልጅ ጠርቶ፣ አራት ማዕዘን እየሣለ እንደ ጠየቀው ይተርካል። ጥያቄው፣ እያንዳንዱ ጐኑ ሁለት ጫማ ከሆነው ካሬ እጥፍ ስፋት ያለው ካሬ ጐኑ ምን ያኽል ነው? የሚል ነው። ልጁ መጀመሪያ «አራት ጫማ» ይላል፤ ቀጥሎ «ሦስት» ይላል፤ ሁለቱንም ይስታል። በመጨረሻ ግን፣ በጥያቄ እየተመራ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በተሰመረው መሥመር ላይ የሚቆመው ካሬ እጥፉ መሆኑን ያገኛል። ሶቅራጥስም በዚህ፣ ሒሳብ ማንም ባላስተማረው ልጅ ነፍስ ውስጥ ዕውቀት እንደ ነበረ ያስረዳል።

ሊቃውንት ይህን እያነበቡ ስለ ዕውቀት ባሕርይ ብዙ ተከራክረዋል። እኔ የምጠይቀው ስለ ልጁ ነው። ስሙ በድርሰቱ አልተጻፈም። የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ ራሱ አንድም ጥያቄ አያነሣም። ፈተናው እንዳለቀ ንግግሩ ወደ ሶቅራጥስና ወደ ጌታው ይመለሳል፤ እርሱም ባሪያ እንደ ሆነ ይቀራል። አእምሮው ለሌሎች ክርክር ማስረጃ ሆነ እንጂ ለራሱ ያተረፈለት ነገር የለም። በየበዓሉ ድኻውን ልጅ ወደ መድረክ አውጥተን፣ ትልልቅ ሰዎች የጻፉለትን ምስጋና በጥሩ ድምፅ እንዲያነብ አድርገን፣ አጨብጭበን ወደ ቦታው የምንመልሰው እኛስ ከሜኖን ቤት ምን ያኽል ርቀናል?

በአገራችን የቀድሞ ትምህርት ውስጥ ግን ሌላ መንገድ ነበረ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ እየለመነ ያገኘውን ቍራሽ እየበላ የሚማር ድኻ ልጅ ነው። ድኽነቱ ከፊደል አላገደውም። ትምህርቱ በ«ሀ ሁ» ይጀምራል። ነገር ግን ልጅ ፊደሉን በዜማ ሸምድዶ ሳይለየው ሊያልፍ እንደሚችል የቀደሙት መምህራን ስላወቁ፣ ተራውን የሚያፋልስ «አቡጊዳ» የሚባል ሁለተኛ ሥርዓት ሠሩ። በዚህ ሥርዓት ልጁ በልማድ መዝለቅ ስለማይችል እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ለመለየት ይገደዳል። ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሻገራል። እስከዚህ ድረስ የሚያነበው የሌላውን ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜም ትርጕሙን በማያውቀው በግዕዝ ነው።

ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት እንዲናገር ይጠየቃል። ትናንት የተባለውን ወይም ጓደኛው ያለውን ደግሞ ቢያቀርብ ነውር ነው። መምህሩም የሚያደምጠው የማን ልጅ እንደ ሆነ ለማወቅ ሳይሆን ምን እንዳለ ለመመርመር ነው፤ የተበላሸውን ያርማል፤ ያማረውን ያመሰግናል። ደበሎ ለባሹ ልጅ ለእንጀራው ለማኝ ሲሆን፣ ለቃሉ ግን ባለቤት ነበር። ያ ሥርዓት እንከን አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። አርጩሜው ብዙ ነበር፤ ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶች በቀር ከጉባኤው ውጭ ቀርተዋል። ቢሆንም፣ ልጅ የራሱን ቃል ሲናገርና መምህር ሲያደምጥ ትምህርት ፍጹም እንደሚሆን አሳይቶናል።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ትምህርት ቤት እንመለስ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደገ ሄዶ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ፊደል አስቈጥሯል፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ወስኗል። የትምህርት ቤቱ ቍጥርና የተማሪው ብዛትም እጅግ አድጓል። ሆኖም በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የሕፃናት የንባብ ችሎታ በተመረመረ ጊዜ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚያኽሉት ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት የቀሩ አይደሉም። በየጧቱ ሰልፍ ወጥተው፣ በክፍል ተቀምጠው፣ መምህሩ ሲል ያሉ ናቸው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አንድ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ሊያየው ይችላል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ያነባል፤ ልጆቹም በአንድ ድምፅ ይደግማሉ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ፊደሉን ባያውቅም የጓደኞቹን ድምፅ ተከትሎ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ንባብ ይመስላል። ለብቻው ተነሥቶ እንዲያነብ ወይም የተሰማውን እንዲናገር የሚጠይቀው ከሌለ፣ አለማወቁ ሳይታወቅ ከክፍል ወደ ክፍል ይዛወራል። በቤቱ መጽሐፍና የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ ይህን ጕድለት ማታ ያሟላዋል። የድኻው ልጅ ግን ማታ የሚጠብቀው ሥራ ነው። እንዲህ ሲሆን የልጁ ዝምታና የልጁ መሃይምነት አንዱ ሌላውን እየሸፈነ አብረው ያድጋሉ።

የሚያሳዝነውም ይህ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ አንደበት የነበረው መሆኑ ነው። በምድጃ ዙሪያ «እንቆቅልሽ!» ብሎ ታላላቆቹን ይጠይቅ ነበር፤ ታላላቆቹም «ምን አውቅልህ» ብለው ለጥያቄው ይዘጋጁ ነበር። መልሱን ቢያጡም «አገር ስጠኝ» ብሎ አገር ይቀበላቸው ነበር። በዚያ ጨዋታ ልጁ ጠያቂ፣ ትልቁ ሰው ተጠያቂ ነው። ተረት ያውቃል፤ ከብት በቀለምና በቀንድ ለይቶ ይጠራል፤ የጐረቤቱን አነጋገር አስመስሎ ያስቃል። ከዚህ ሁሉ ሀብት ጋር መጥቶ ባዶ ዕቃ ነው ተብሎ የተቀመጠ ልጅ፣ ጥቂት ቈይቶ ባዶ መሆኑን ራሱም ያምናል።

ይህን የተረዱ ሰዎች በአገራችን አልታጡም። አስፋው የምሩ ገና ልጅ ሳለ በአዲስ አበባ ጐዳና ላይ የኖረ፣ ኋላም ወደ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የገባ ሰው ነበር። ከአዳሪ ተማሪዎች ማዕድ የሚተርፈውን ምግብ ለድኾች ልጆች በማካፈል ጀመረ፤ ገና ተማሪ ሳለም ከዛፍ ሥር ሰብስቦ ያስተምራቸው ገባ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ያቋቋመው አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ከዚያ ጥላ የተወለደ ነው። እርሱ በ2013 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ለድኾች ልጆች ትምህርት ደክሟል፤ ልጅ በዱላ መማር የለበትም የሚል ጽኑ እምነትም ነበረው። የዚህ እምነት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሚፈራ ልጅ መድገም ይችል ይሆናል እንጂ መናገር አይችልም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም ከትምህርት ቤት መጻሕፍት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ያነበበው በ19 ዓመቱ ነበር። ይህን ስላልረሳ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ በሐዋሳም መጻሕፍትን በአህያ ጋሪ እያስጫነ ወደ ልጆች አደረሰ። ሁለቱም ለልጆች የሰጡት ራሳቸው ያጡትን ነው። እኛ ያላጣነው ሰዎች ግን ልጁ ምን እንዳጣ ለማወቅ እርሱን ከመስማት በቀር መንገድ የለንም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «ልጅን እንደ ልቡ እንዲናገር መልቀቅ ባለጌ ማድረግ ነው፤ የአባቶቻችን ጨዋነት ታላቅን ማክበርና አፍን መጠበቅ ነው» የሚሉ አሉ። ምሳሌያችንም ያግዛቸዋል፤ «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፤ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንላለን። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም፤ ቃሉን የማይመዝን ሰው ለማንም አይበጅምና። ነገር ግን ቃልን መመዘን የሚማረው የሚናገር ሰው ነው፤ ዋና በደረቅ መሬት እንደማይለመድ ንግግርም በዝምታ አይለመድም። ልጅ ያቦካው ለእራት ባይበቃ፣ ቡኮውን ያልነካ ልጅ ነገም እንጀራ አይጋግርም። ያው ሕዝብ ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብሏል። የባለጸጋ ልጅ ዝም ቢል አባቱ ይናገርለታል። የድኻ ልጅ ዝም ካለ የሚናገርለት የለም። ስለዚህ አንዱ ምሳሌ ለሁለቱ ልጆች እኩል አይደለም፤ ለአንዱ ጨዋነት የሆነው ዝምታ ለሌላው ጕዳት ይሆናል።

ነገሩ በሕግም የታወቀ ነው። በ1982 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀውና ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ፣ ሕፃን በሚመለከተው ጕዳይ ሁሉ አሳቡን እንዲገልጽና አሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ እንዲመዘን ይደነግጋል። ሕጉ ልጁ የሚለው ሁሉ ይደረግለት አይልም፤ ይሰማ ነው የሚለው። ይሁን እንጂ ሕግ መብትን ይሰጣል እንጂ ጆሮን አይሰጥም። ጆሮ መስጠት የእያንዳንዳችን ሥራ ነው።

ሥራውም ከባድ ዕቃ አይጠይቅም። መምህር በቀን ሁለት ሦስት ልጆችን ለብቻቸው አስነሥቶ፣ ያነበቡትን በራሳቸው አነጋገር እንዲተርኩ ቢያደርግ፣ ቢሳሳቱም ሳይቸኵል ቢጠብቃቸው ብዙ ነው። ጥቂት ጊዜ ያለው ተማሪ በሰፈሩ ካለ ጫማ ጠራጊ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ፣ ልጁ ስለ ውሎው የተናገረውን ቃል በቃል በወረቀት ጽፎ መልሶ ቢያስነብበው፣ ልጁ ፊደልን የሚያገኘው በገዛ ቃሉ ላይ ነውና አይረሳውም። በዚህ ጊዜ የሚያርም ሰው ፊደሉን ያርም እንጂ ነገሩን አይለውጥበት። የመሥሪያ ቤት ሹምም በፍርድ ቤትና በቀበሌ ደጃፍ የተቀመጡትን ማመልከቻ ጸሐፊዎች በየቀኑ ያያቸዋል። ከፊታቸው ቆሞ የራሱን በደል በሌላ ሰው ቃል የሚያስጽፈው ድኻ፣ ትናንት ማንም ያልሰማው ልጅ ነበር። ሹሙ ይህን ቢያስብ፣ ለትምህርት ቤቶች ዕቅድ ሲያወጣ የወንበሩንና የደብተሩን ቍጥር ብቻ ሳይሆን፣ ልጆቹ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚናገሩና ማን እንደሚሰማቸው ይጠይቃል።

ፊደል ለድኻው ልጅ የምንመጸውተው አይደለም፤ የምንከፍለው ዕዳ ነው። ዕዳውም ልጁ ማንበብ በቻለ ቀን አይከፈልም። የሚከፈለው ልጁ በዚያ ፊደል የማንወደውን እውነት ጽፎ ሲያመጣልን፣ ለመሰረዝ ያነሣነውን ብዕር አስቀምጠን እስከ መጨረሻው ያነበብንለት ቀን ነው። በየቤታችን፣ በየክፍላችንና በየጽሕፈት ቤታችን ያሉት ሕፃናት ሁሉ ደኅና መሆናቸውን የምንናገረው እኛ ነን። ከእንግዲህ ራሳቸውን እንጠይቃቸው።